የሐይቁ ዳር የማን ነው?

ውሃ ዳር ቁጭ ማለት በአገራችን ገንዘብ የሚጠይቅ ነገር እየሆነ ነው። ቢሾፍቱ ወርዳችሁ ከሐይቆቹ አንዱን በቅርብ ለማየት ብትሞክሩ፣ በብዙ በኩል መጀመሪያ የምታገኙት ውሃውን ሳይሆን የሆቴል ዘበኛ ነው። ላንጋኖም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ዘበኛው ፈትሾ ያስገባችኋል፤ ተከትሎ ሜኑ ይመጣል። ያኔ "ሐይቁስ ስንት ነው?" ብላችሁ ብትጠይቁ አይፈረድባችሁም።

በዚህ በኩል የሀዋሳ ታሪክ ለየት ይላል። ስሙ መጀመሪያ የሐይቁ ነው፤ በሲዳምኛ ሰፊ ውሃ እንደማለት ነው። ከተማዋ ተውሳው ቀረች። በ1952 ዓ.ም. ገደማ፣ ራስ መንገሻ ሥዩም ሲዳሞን ሲያስተዳድሩ ስትቆረቆር፣ ቦታው አዳሬ የሚባል የሲዳማ ከብት የሚሰማራበት ሜዳ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱም ዳርቻው ላይ ቤተ መንግሥት ነበራቸው። ሰፊው ሕዝብ ግን ሐይቁን ለማየት ቤተ መንግሥት አላስፈለገውም፤ አሞራ ገደል ነበረለት።

አሞራ ገደልን መዝናኛ ያደረገው ዓሣው ነው። አስጋሪዎቹ ጠዋት ጀልባቸውን ያስጠጋሉ፤ ቆሮሶውና አምባዛው ይራገፋል፤ ልጆች በቢላ እየገፈፉ ያዘጋጁታል። ትራፊውን ፍለጋ አባ ኮዳ እንደ ቀጠሮ ያለበት ሽማግሌ ተኮፍሶ ይጠብቃል። ከዛፉ ላይ ጉሬዛና ጦጣ አሉ። ሰዉ ለዓሣ መጣ፤ ጥላውን አይቶ ተቀመጠ። ጥሬውን በአዋዜ የሚበላው፣ ሾርባውን ፉት የሚለው፣ ጀልባ የሚከራየው ሁሉ እዚያው ይገናኛል። አንድ ዓሣ ገፋፊ ልጅ "ጋሼ፣ ሾርባውን ቢጠጡም ባይጠጡም ይቀመጡ፤ ድንጋዩ አይከፈልበትም" ብሎኛል።

ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር መቼት ስለሚባለው ነገር ብዙ አውርቻለሁ። ደራሲ ሀብታሙንና ድሃውን አንድ ቦታ ማገናኘት ሲፈልግ ሠርግ ወይም ለቅሶ ያዘጋጃል። እዚህ ሰበብ አያስፈልግም፤ ውሃው ይበቃል።

ፍቅር ሐይቅ ወደሚባለው የእግር መንገድ እንለፍ። ሐይቁ ጥቁር ውሃ የሚባል ወንዝ ይገባበታል፤ በገጸ ምድር የሚወጣለት ወንዝ ግን የለም። ዝናብ ሲበዛ ሞልቶ ከተማዋን ያሰጋታል፤ በ1990 ዓ.ም. ገደማም እንዲሁ አድርጓል። ይህን ለመከላከል በዳርቻው ግድብ ተሠራ። ሕዝቡ ደግሞ ግድቡ ላይ ወጥቶ ተራመደበት፤ ለጎርፍ የተሠራው አፈር የፍቅረኞች መንገድ ሆነ። እግረኛው ቀደመ፤ አግዳሚ ወንበሩ በኋላ መጣ።

መውጫ የሌለው ሐይቅ ያገባንበትን ሁሉ ይዞ ይቀመጣል። ደለሉም፣ ፕላስቲኩም፣ የከተማው ቆሻሻም የትም አይሄድም። ስለዚህ "ቦታው ይጠበቅ" የሚሉ ሰዎች እውነት አላቸው። ችግሩ መጠበቅ ሲባል ቶሎ የሚታየን አጥር መሆኑ ነው። አጥር ደሃውን ያስቀራል እንጂ ቆሻሻውን አያስቀርም፤ ቆሻሻ በቦይ በኩል ይገባል።

ለዚህ ነገር ሲዳማዎች ቃል አላቸው፦ ጉዱማሌ። ሕዝብ የሚሰበሰብበት የጋራ ሜዳ ማለት ነው። በ2008 ዓ.ም. ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት የመዘገበው ፊቼ ጨምበላላ የሚከበረው በዚሁ ጉዱማሌ ነው፤ የሀዋሳው ደግሞ ሐይቁ አጠገብ ነው። ከተማው ሳይኖር፣ ማዘጋጃ ቤት ሳይኖር፣ የሁሉም የሆነ መሬት ነበረ ማለት ነው። ይሄን ሐሳብ ከውጭ አገር ባለሙያ መዋስ አያስፈልገንም።

ዳርቻውን ማስዋብ ማንም አይጠላም። ወንበሩም ይጨመር፣ መብራቱም ይብራ፣ መጸዳጃ ቤቱም ይሠራ፤ ከሁሉም በላይ ወደ ሐይቁ የሚገባው ፍሳሽ ይታከም። ዕቅዱ ሲነደፍ ግን አንድ ጥያቄ ይቅደም፦ ያ ዓሣ ገፋፊ ልጅ ሥራው ሲያልቅ ልብሱን ለውጦ፣ ኪሱን ሳይዳብስ፣ ውሃው ዳር መቀመጥ ይችላል ወይ?