ሰዓቱ ያለውና ዳኛው ያየው

ባለፈው የተመራቂዎች መገናኛ ቀን፣ ምሳ ተበልቶ ቡና እየተጠጣ ሳለ፣ ጸጉሩ ገባ ገባ ያለ አንድ ሰው መጥቶ ጨበጠኝ። ከብዙ ዓመት በፊት ያስተማርኩት ልጅ ነበር። ስለ ግቢው፣ ስለ ጓደኞቹ፣ ስለ ድሮው የካፌ እንጀራ ስንሳሳቅ ቆይተን፣ «መምህር፣ ያቺን ግማሽ ነጥብ ግን በምን ሚዛን ነው የመዘኗት?» አለኝ። መጀመሪያ አልገባኝም። ለካ ውጤቱ ተደምሮ 49.5 መጥቶበት፣ ማለፊያው 50 ስለነበር ወድቆ፣ በዚያ ኮርስ ምክንያት አንድ ዓመት ዘግይቶ ነው የተመረቀው። እሱ በቀልድ መልክ ነው ያነሳው። እኔ ግን ያን ዕለት ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

የኦሊምፒክ ታሪክ ማንበብ የቆየ ሱሴ ነው። ስለዚህ ሐሳቤ የሄደው ወደ መዋኛ ገንዳ ነው። ምክንያቱም የዋና ስፖርት ይህንኑ የልጁን ጥያቄ ከእኛ ቀድሞ ተጠይቆ፣ ሁለት ጊዜ ተሳስቶ፣ በመጨረሻ ጥሩ መልስ አግኝቶለታል። ታሪኩን ላውጋችሁ።

የሮምን ኦሊምፒክ እኛ የምናስታውሰው በአንድ ሰው ነው። ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በእንቁጣጣሽ ዋዜማ፣ አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ሮጦ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16.2 ሰከንድ ጨረሰ። ሁለተኛ የወጣው ሞሮኳዊው ራዲ ቤን አብደሰላም የደረሰው ከ25 ሰከንድ በኋላ ነው። በዚያ ውጤት ማንም አልተከራከረም። የ25 ሰከንድ ልዩነት ለማንም ዓይን ይታያል።

ከዚያ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ ግን፣ በዚያው ከተማ፣ ነሐሴ 21 ቀን ዓይን የማይበቃበት ውድድር ተደርጎ ነበር። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ውድድሩ የወንዶች 100 ሜትር ነጻ ቀዘፋ ፍጻሜ ነው። ለወርቁ የተናነቁት ሁለት ሰዎች ናቸው፦ በ1956 በሜልበርን የብር ሜዳሊያ ያገኘው አውስትራሊያዊው ጆን ዴቪትና የደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዋናተኛ የነበረው አሜሪካዊው ላንስ ላርሰን። ሁለቱም በአንድ ትንፋሽ ግድግዳውን ነኩ።

በዚያን ዘመን ደረጃ የሚሰጠው ዓይን ነው፤ ሰዓት ረዳት ነው። ገንዳው ዳር ሦስት ዳኞች አንደኛ የወጣውን፣ ሌሎች ሦስት ዳኞች ደግሞ ሁለተኛ የወጣውን ብቻ እንዲያዩ ተመድበዋል። አንደኛውን ከሚያዩት ሁለቱ «ዴቪት ነው» አሉ። ሁለተኛውን ከሚያዩት ሁለቱ ደግሞ «ሁለተኛ የወጣው ዴቪት ነው» አሉ። እንግዲህ አስቡት፤ በዳኞቹ ቆጠራ አንድ ሰው በአንድ ውድድር አንደኛም ሁለተኛም ወጣ። ስድስቱ ሰዎች ሦስት ለሦስት ተከፈሉ ማለት ነው።

ሰዓት የያዙት ሰዎች ግን አልተከፋፈሉም። የዴቪትን የያዙት ሦስቱም 55.2 ሰከንድ አሉ። የላርሰንን ከያዙት አንዱ 55.0፣ ሁለቱ 55.1 አሉ። ለሙከራ ያህል የተቀመጠው፣ ይፋዊ ያልነበረው መሣሪያም ላርሰንን ነው ያስቀደመው። እንደተዘገበው ዴቪት ራሱ ላርሰንን እንኳን ደስ አለህ ብሎት ነበር ከገንዳው የወጣው።

ታዲያ ዋናው ዳኛ ጣልቃ ገቡና ወርቁን ለዴቪት ሰጡ። የአሜሪካ ቡድን፣ ሕጉ ለዋናው ዳኛ እንዲህ ያለ ድምፅ አይሰጥም ብሎ ይግባኝ አለ። አልተሳካለትም። እስካሁን ድረስ መዝገቡ ላይ ያለው ያው የዚያን ዕለቱ ውጤት ነው።

እኔን የሚከነክነኝ ዳኞቹ መሳሳታቸው አይደለም። ውሃ ሲረጭ፣ ክንድ ሲወናጨፍ ያላዩትን አየን ቢሉ ሰዎች ናቸው። የሚከነክነኝ ቀጥሎ የሆነው ነው። ላርሰን 55.1 ይዞ ሁለተኛ፣ ዴቪት 55.2 ይዞ አንደኛ ተብሎ ቢጻፍ ለዓይን ስለሚያስጠላ፣ የላርሰን ሰዓት 55.2 ተብሎ ተቀየረ። ውሳኔው ከማስረጃው ጋር መታረቅ ሲገባው፣ ማስረጃው ከውሳኔው ጋር እንዲታረቅ ተደረገ። በቢሮ የሠራችሁ ሁሉ ይህን ታውቁታላችሁ። ቃለ ጉባኤው ከስብሰባው በኋላ «ሲስተካከል» ማለት ነው።

የሮም ውዝግብ ሰዓት በመሣሪያ እንዲያዝ የሚጠይቁትን ሰዎች ድምፅ አጠነከረ። ኦሜጋ የተባለው የስዊዘርላንድ የሰዓት ኩባንያ በገንዳው ግድግዳ ላይ የሚገጠም፣ ዋናተኛው በእጁ ሲጫነው ሰዓቱን የሚያቆም ሰሌዳ ሠራ። ሰሌዳው በ1967 በዊኒፔግ በተደረገው የፓን አሜሪካ ጨዋታ፣ በዓመቱ ደግሞ በሜክሲኮ ኦሊምፒክ ሥራ ላይ ዋለ። የውሃው ማዕበል አያስቆመውም፤ እጅ ብቻ ነው የሚያስቆመው። ከእንግዲህ ክርክር ቀረ ተባለ።

ክርክሩ ግን መልኩን ለውጦ መጣ። በ1972 በሙኒክ፣ በ400 ሜትር ድብልቅ ቀዘፋ ፍጻሜ፣ ስዊድናዊው ጉናር ላርሶንና አሜሪካዊው ቲም ማኪ እኩል ገቡ። ሰሌዳው ለሁለቱም 4 ደቂቃ ከ31.98 ሰከንድ አሳየ። መሣሪያው ግን ከዚያም በላይ መቁጠር ይችል ነበርና ሦስተኛዋ አሃዝ ታየች። ላርሶን 4:31.981፣ ማኪ 4:31.983። ወርቁ በሺህ ሁለት ሰከንድ ለስዊድናዊው ሆነ። ማኪ በዚያው ኦሊምፒክ በ200 ሜትር ድብልቅም ከላርሶን ቀጥሎ ብር ወሰደ፤ ከአራት ዓመት በኋላ በሞንትሪያል በ400 ሜትር እንደገና ብር አገኘ። ሦስት የብር ሜዳሊያ ይዞ፣ ወርቅ ሳያይ ቀረ።

እዚህ ላይ ቀላል ሒሳብ እንሥራ፤ የሒሳብ ክፍል ልጆች አትሳቁብኝ። 400 ሜትር በ272 ሰከንድ ገደማ የዋኘ ሰው በሰከንድ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ይሄዳል። በሺህ ሁለት ሰከንድ ውስጥ የሚሄደው እንግዲህ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ከክብሪት እንጨት ውፍረት ብዙም አይበልጥም። ገንዳውን ደግሞ የሠሩት ግንበኞች ናቸው። ሕጉ ራሱ በገንዳ ርዝመት ላይ በሴንቲ ሜትር የሚቆጠር ልዩነት ይፈቅዳል። የአንዱ ዋናተኛ መስመር ከሌላው በ3 ሚሊ ሜትር ቢረዝም ማንም አያውቀውም። የ400 ሜትር ዋናተኛ ደግሞ ያንን መስመር ስምንት ጊዜ ነው የሚመላለስበት። ስለዚህ ሰዓቱ አልዋሸም፤ ግን የለካው የሰዎቹን ፍጥነት ይሁን የግንበኛውን እጅ፣ ለይቶ መናገር የሚችል ሰው የለም።

የዓለም አቀፉ የዋና ፌዴሬሽን ከዚያ በኋላ ያደረገው ነገር ነው የሚያስደንቀኝ። የተሻለ ሰዓት ይገዛ አላለም። ሦስተኛዋ አሃዝ አትነበብ አለ። ሰዓት እስከ መቶኛ ሰከንድ ብቻ እንዲያዝ፣ እስከዚያ እኩል የሆኑ ሰዎች እኩል ደረጃ እንዲያገኙ ተወሰነ። መሣሪያው መቁጠር እየቻለ፣ ገንዳው የማይሸከመውን ቁጥር አንቆጥርም ማለት ነው። ለባለሙያ ከዚህ የከበደ ነገር የለም፤ የምናውቀው እስከዚህ ድረስ ነው ብሎ መቆም።

ውሳኔው ፍሬ ያፈራው በ1984 በሎስ አንጀለስ ነው። በሴቶች 100 ሜትር ነጻ ቀዘፋ ናንሲ ሆግስሄድና የ16 ዓመቷ ካሪ ስታይንሳይፈር ሁለቱም 55.92 ገቡ። በኦሊምፒክ ዋና ታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ ሁለት ሰዎች በአንድ ውድድር ወርቅ ተሸለሙ። ልክ በ32 ዓመቱ፣ በ2016 በሪዮ፣ በዚያው ውድድር ያው ነገር ተደገመ። የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲዋ ሲሞን ማኑኤልና የ16 ዓመቷ ካናዳዊት ፔኒ ኦሌክሲያክ ሁለቱም 52.70 ገቡ። ማኑኤል በግል ውድድር የኦሊምፒክ ዋና ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር አሜሪካዊት ሆነች። ሦስተኛዋ አሃዝ ተነብባ ቢሆን፣ ከሁለቱ አንዷ በሚሊ ሜትር ተበልጠሻል ተብላ ብር ይዛ ትሄድ ነበር።

ይህ ማለት ግን ውሳኔ መፍራት አይደለም። መቶኛዋ ሰከንድ ስትታይ ትቆጠራለች። በ1988 በሴኡል የሱሪናሙ አንቶኒ ነስቲ በ100 ሜትር ቢራቢሮ ቀዘፋ 53.00 ገብቶ፣ 53.01 የገባውን ማት ቢዮንዲን ቀድሟል። በ2008 በቤጂንግም ማይክል ፌልፕስ 50.58፣ ሰርቢያዊው ሚሎራድ ቻቪች 50.59 ገብተው፣ ሰርቢያ ብትቃወምም ምስሉ ተመርምሮ ውጤቱ ጸንቷል። መለካት የሚቻለውን ያለ ርኅራኄ መለካት፣ የማይቻለውን ደግሞ ለካሁ አለማለት፤ ነገሩ ይኸው ነው።

አሁን ወደ ልጁ ልመለስ። የዚያ ፈተና ግማሹ የድርሰት ጥያቄ ነበር። ከ20 የሚታረም ጽሑፍ ላይ 11 እና 11.5ን መለየት እችል ነበር ወይ? ያንኑ ወረቀት በማግስቱ ብሰጠኝ ያንኑ ነጥብ እሰጠው ነበር ወይ? በሐቀኝነት ስናገር፣ አይመስለኝም። የክብሪት እንጨት በምታህል ልዩነት ነው የአንድ ሰው ዓመት የሄደው። ዓመቱን ደግሞ የምመልስለት አይደለሁም፤ ወረቀቱም ዛሬ የለም።

አሁን በማስተማር ላይ ላላችሁ ባልደረቦቼ ግን አንድ ነገር ልለምን። ማለፊያው ጫፍ ላይ የቆመ ወረቀት ሲገጥማችሁ፣ የሰጣችሁትን ነጥብ ሸፍናችሁ ለሌላ መምህር ስጡት። የእሱና የእናንተ ነጥብ ምን ያህል እንደሚራራቅ ስታዩ፣ ገንዳችሁ ስንት ሚሊ ሜትር እንደሚዛባ ታውቃላችሁ። ከዚያ በኋላ የምትጥሉትን ጣሉ፣ የምታሳልፉትን አሳልፉ።

ለልጁም ያን ዕለት ያልሰጠሁትን መልስ፣ ይህ መጽሔት እጁ እንደሚገባ ስለማውቅ፣ እዚህ ልጻፈው። በሚዛን አልነበረም፣ ወንድሜ። ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ፣ በደከመ ዓይን ነበር።