አራዳ (የመሬት አቀማመጥ)

አራዳ ፒያሳን የሚያካትት የአዲስ አበባ ነባር ማዕከል ሲሆን፣ ከ3000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ከእንጦጦ ወደ ደቡብ በሚወርደው ተዳፋት ላይ ይገኛል። ከተራራው የሚነሱ ወንዞች አካባቢውን በጉብታና በሸለቆ ከፋፍለውታል። ከተማዋ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር ቤተ መንግሥቱና የመኳንንቱ ግቢዎች ጉብታ ጉብታውን ያዙ፤ ወንዞቹም የሰፈር ወሰን ሆኑ። ፒያሳን ከአራት ኪሎ የሚለየውን ሸለቆ ለመሻገር ራስ መኮንን ድልድይ ተሠራ። ቸርችል ጎዳናም ከማዘጋጃ ቤቱ ቁልቁል ወደ ለገሃር ይወርዳል።

አቀማመጡን ማወቅ በተለይ ለክረምት ይጠቅማል። ዝናቡ ከላይ ተሰብስቦ ወደ ወንዝ ዳር ቤቶች ስለሚወርድ፣ የቦይ ስፋትና የቤት መሠረት የሚወሰኑት ተዳፋቱን በማጥናት ነው። አስፋልትና ኮንክሪት በበዛ ቁጥር ውሃው ሳይሰርግ ስለሚፈስ የጎርፉ ጉልበት ይጨምራል።