የጨዋታው ሣጥንና ወረፋው

የቪዲዮ ጨዋታ መሣሪያን ከሱቅ ነው ወይስ በኢንተርኔት መግዛት የሚሻለው? በዚህ ጥያቄ ላይ ሁለት ወጣቶች ሲከራከሩ ያዳመጠ ሰው ጉዳዩ ትናንት የተወለደ ሊመስለው ይችላል። አንደኛው «ኢንተርኔት እያለ ሱቅ የሚሄድ ገንዘቡ የማያሳዝነው ነው» ይላል። ሌላው ደግሞ «ሳላየው፣ ሳልነካው፣ ሰክቼ ሳልሞክረው ሰባራ ሳንቲም አልከፍልም» ባይ ነው። ሁለቱም የየራሳቸው እውነት አላቸው። እኔን የሚገርመኝ ግን ክርክሩ በዕድሜ ከኢንተርኔት ገበያ የሚበልጥ መሆኑ ነው። ይህ ዕቃ ከፋብሪካ መውጣት ከጀመረበት ጊዜ አንስቶ አምራች፣ ነጋዴና ገዢ ሲጓተቱ የኖሩት በሁለት ነገር ነው። ዕቃው ባይሠራ፣ ባይደርስ ወይም ባይሸጥ ኪሣራው የማን ነው? ዕቃው ባነሰ ጊዜስ ቀድሞ የሚያገኘው ማን ነው? ታሪኩን ከነዚህ ሁለት ጥያቄዎች አንጻር ያየ ሰው ነገሩ የዋጋ ጉዳይ ብቻ እንዳልሆነ ይገባዋል። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ የተጀመረው አሜሪካ ውስጥ ነው። በ1972 ማግናቮክስ የተባለው የቴሌቪዥን አምራች «ኦዲሲ» የተሰኘውን የመጀመሪያውን የቤት ውስጥ የቪዲዮ ጨዋታ መሣሪያ ለገበያ አቀረበ። የሐሳቡ ባለቤት ራልፍ ቤር በልጅነቱ ከናዚ ጀርመን ከቤተሰቡ ጋር የሸሸ መሐንዲስ ነበር። ዋጋው ወደ 100 ዶላር የሚጠጋ ሲሆን፣ ይሸጥ የነበረውም የኩባንያውን ቴሌቪዥኖች በሚያከፋፍሉ መደብሮች ነበር። ከዚህ የተነሣ ብዙ ሰው መሣሪያው ከማግናቮክስ ቴሌቪዥን ጋር ካልሆነ አይሠራም ብሎ አመነ። እውነቱ ግን ከሌላ ኩባንያ ቴሌቪዥን ጋርም ይሠራ ነበር። ከሱቅ የሚገዛ ሰው ከዕቃው ጋር ዕውቀትም ይገዛል የሚሉ ወገኖች ይህችን ታሪክ ልብ ቢሏት ደግ ነው። ባለሱቁ የሚነግረን የሚያውቀውን ነው፤ አንዳንዴም የሚጠቅመውን ብቻ።

ከሦስት ዓመት በኋላ አታሪ የተባለው የካሊፎርኒያ ኩባንያ ተራውን ይዞ መጣ። ኩባንያው «ፖንግ» የተሰኘውን፣ እስከዚያ ድረስ በየመጠጥ ቤቱ ቆሞ ሳንቲም ሲበላ የነበረውን ጨዋታ ከቤት ቴሌቪዥን ጋር እንዲገናኝ አድርጎ ሠራው። በ1975 በኒውዮርኩ የመጫወቻ ዕቃዎች ትርዒት ላይ ሲያቀርበው ግን ነጋዴዎቹ ፊት ነሱት። በመጨረሻ የተቀበለው «ሲርስ» የተባለው ግዙፍ መደብር ነው። እዚያም ቢሆን ዕድሉን የሞከረው የመጫወቻ ዕቃ ክፍሉ ሳይሆን የስፖርት ዕቃ ክፍሉ ነበር። ሲርስ ለዚያ ዓመት የገና ገበያ 150,000 መሣሪያ አዘዘና «ቴሌጌምስ» የሚል የራሱን ስም ለጥፎ ሸጠው። ዕቃው ከፈላጊው ስላነሰ በተጠባባቂ መዝገብ ላይ ስማቸውን ለማስፈር ብቻ የተሰለፉ ሰዎች እንደነበሩ ይነገራል። ለጨዋታ ሣጥን ወረፋ መያዝ የተጀመረው ያኔ ነው ማለት ይቻላል።

እዚህ ላይ ከመንገዴ ትንሽ ወጣ ልበል። ሲርስ በአሜሪካ ታሪክ ውስጥ መደብር ከመሆኑ በፊት የፖስታ ነጋዴ ነበር። በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ላይ በየገጠሩ ተበታትነው ለሚኖሩ ገበሬዎች ከማረሻ እስከ ልብስ ስፌት መኪና የሚያሳይ ወፍራም ካታሎግ ይልክላቸዋል፤ እነርሱም ከነገንዘቡ ትእዛዛቸውን በፖስታ ይሰዳሉ፤ ዕቃው በባቡር ይመጣላቸዋል። የመጀመሪያውን መደብሩን የከፈተው በ1925 ነው። ሳያዩ መግዛት እንግዲህ የኮምፒዩተር ዘመን ፈጠራ አይደለም። ይህ ኩባንያ ትልቁን ካታሎጉን አክስሮኛል ብሎ የዘጋው በ1993 ሲሆን፣ አማዞን የተመሠረተው በ1994 ነው። «አንድ ዓመት ቢታገሥ ኖሮ» ለማለት ምላስ ያሳክካል፤ ታሪክ ግን «ቢሆን ኖሮ»ን አይወድም።

ሳያዩ መግዛት በጨዋታ መሣሪያ ረገድ ምን እንደሚመስል በደንብ የታየው በእንግሊዝ አገር ነው። ክላይቭ ሲንክሌር የተባለው የኤሌክትሮኒክስ ሰው በ1980 ከ100 ፓውንድ በታች የሚሸጥ አነስተኛ ኮምፒዩተር በጋዜጣና በመጽሔት ማስታወቂያ መሸጥ ጀመረ። ገዢው ከማስታወቂያው ላይ ኩፖኑን ቆርጦ፣ ከቼኩ ጋር በፖስታ ልኮ ይጠብቃል። በ1981 የመጣው ሁለተኛው ሞዴል ዋጋው 69 ፓውንድ ከ95 ሳንቲም ሲሆን፣ መጻሕፍትና ጋዜጣ በሚሸጠው በደብልዩ ኤች ስሚዝ መደብሮችም ገባ። በየከተማው ያሉ ልጆች መደብሩ ውስጥ ቆመው እየነካኩት ተማሩት። በሚያዝያ 1982 ደግሞ «ስፔክትረም» ወጣ። ይህ ባለቀለም ኮምፒዩተር ለቁም ነገር ተብሎ ቢሠራም የእንግሊዝ ልጆች የጨዋታ መሣሪያ አደረጉት። መነሻ ዋጋው 125 ፓውንድ ነበር፤ ሽያጩም በፖስታ ተጀመረ። በ28 ቀን ይደርሳል የተባለው ዕቃ ወራት ፈጀ። ገንዘቡ ሄዷል፤ ሣጥኑ አልመጣም። ነገሩ የማስታወቂያ ሥነ ምግባር ተቆጣጣሪውን ጆሮ ደርሶ ኩባንያው ተወቀሰ።

በዚህ ዓይነቱ ንግድ ኪሣራውን የተሸከመው ገዢው ነበር። አምራቹ የሕዝቡን ገንዘብ አስቀድሞ ሰብስቦ፣ በዚያው ገንዘብ እየሠራ ይልካል። ዛሬ «ቅድመ ትእዛዝ» እየተባለ በኢንተርኔት የሚቀርበው ግብዣ የዚያ ዘመን ኩፖን ልጅ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

በአሜሪካ ደግሞ ኪሣራው የወደቀው በመደብሮቹ ላይ ነው። የአታሪ ገበያ ሲደራ እዩኝ ባይ ኩባንያ ሁሉ ካርትሪጅ አምራች ሆነ። መደርደሪያው ሞላ፤ ገዢ ጠፋ። 30 ዶላር ሲሸጥ የነበረው ጨዋታ 5 ዶላርና ከዚያም በታች ወረደ። በመስከረም 1983 አታሪ ያልተሸጡ ዕቃዎቹን በጭነት መኪና ወስዶ ኒው ሜክሲኮ ውስጥ አላሞጎርዶ በተባለች ከተማ የቆሻሻ መጣያ ቀበራቸው። ለብዙ ዓመታት ተረት ነው ሲባል የቆየው ይህ ወሬ እውነት መሆኑ የታወቀው በ2014 ቦታው ተቆፍሮ ካርትሪጆቹ ሲወጡ ነው። በሁለት ዓመት ጊዜ ውስጥ የአሜሪካ የቪዲዮ ጨዋታ ንግድ ከ3 ቢሊዮን ዶላር በላይ ከሆነ ገቢ ወደ 100 ሚሊዮን ገደማ ማሽቆልቆሉ በተደጋጋሚ ይጠቀሳል። ከዚያ በኋላ «ቪዲዮ ጌም» የሚለውን ቃል መስማት የሚፈልግ ነጋዴ አልነበረም።

ኒንቴንዶ በጥቅምት 1985 ወደ ኒውዮርክ ሲገባ ያጋጠመው ይህ ነው። በጃፓን ከ1983 ጀምሮ የሚሸጠውን መሣሪያ ስሙንም መልኩንም ለወጠ፤ የቴሌቪዥን ጨዋታ ሳይሆን አሻንጉሊት እንዲመስል አንዲት ትንሽ ሮቦት ጨመረበት። ነጋዴዎቹን ያሳመናቸው ግን ሮቦቷ አይደለችም። የኩባንያው ሰዎች «ዕቃውን እኛ እናመጣለን፤ መደርደሪያውን እኛ እናሰናዳለን፤ እናንተ በ90 ቀን ውስጥ የሸጣችሁትን ብቻ ትከፍላላችሁ፤ የቀረውን እንመልሳለን» አሏቸው። በዚህ ውል በርካታ መደብሮች በራቸውን ከፈቱ። በሚቀጥለው ዓመት መሣሪያው በመላው አሜሪካ ተሸጠ። ኪሣራውን ለመሸከም የደፈረው አምራቹ ራሱ በመሆኑ አንድ የሞተ ንግድ ነፍስ ዘራ። ያን ጊዜ ከመደብሩ በር ሌላ መግቢያ አልነበረም።

ሁለተኛው በር የተከፈተው በ2000 ነው። ሶኒ ፕሌይስቴሽን 2ን መጋቢት 4 ቀን ጃፓን ውስጥ ሲያወጣ፣ ከመደብሮቹ ጎን ለጎን በራሱ የኢንተርኔት ገጽ ትእዛዝ ተቀበለ። ገጹ በተከፈተበት በየካቲት ወር ሕዝቡ ስለጎረፈበት መቋቋም አቅቶት ነበር። ዋጋው 39,800 የን ሲሆን በሁለት ቀን ውስጥ 980,000 ተሸጠ። በዚያው ዓመት ጥቅምት አሜሪካ ሲገባ ሊቀርብ ከታሰበው አንድ ሚሊዮን የቀረበው ግማሹ ብቻ ነበር። በ299 ዶላር ከመደብር የገዙ ሰዎች ዞር ብለው ኢቤይ በተባለው የኢንተርኔት ጨረታ ከ1,000 ዶላር በላይ ቸበቸቡት። እኛ አየር በአየር የምንለው ንግድ ማለት ነው። ያም ሆኖ ያን ጊዜ አትራፊው ሌሊቱን በብርድ መሰለፍ ነበረበት። ሁለት እግር ያለው ሰው ሁለት ቦታ አይሰለፍም።

የወረፋው ባሕርይ ፈጽሞ የተለወጠው በ2020 ነው። በመስከረም ወር የኤንቪዲያ አዲሱ የግራፊክስ ካርድ በ699 ዶላር በኢንተርኔት ሲቀርብ ዐይን ተከድኖ ሳይገለጥ አለቀ። ቦት የሚባሉት፣ በሰው ፈንታ የሚገዙ ፕሮግራሞች ቀድመው ስለገቡ ኩባንያው ይቅርታ ለመጠየቅ ተገደደ። በኅዳር ፕሌይስቴሽን 5 ሲወጣ ሶኒ በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት በመጀመሪያው ቀን ሽያጩ በኢንተርኔት ብቻ እንደሚሆን፣ ማንም ከመደብር ፊት እንዳይሰለፍ አስታወቀ። ለጤና ሲባል የተወሰደ ተገቢ እርምጃ ነበር። ውጤቱ ግን ከሰው ይልቅ ለማሽን የተመቸ ወረፋ ሆነ። ከሥራው መልስ ኮምፒዩተሩ ፊት የተቀመጠ አባወራ አንድ ጊዜ ሲጫን ቦቱ ሺህ ጊዜ ይጫናል። እጥረቱ ማብቃቱን ሶኒ የተናገረው በጥር 2023 ነው። በአሜሪካ ቦትን የሚከለክለው የ2016 ሕግ የሚመለከተው የትርዒት ትኬትን ብቻ ሲሆን፣ ወደ ሸቀጥ ለማስፋት ከ2018 ጀምሮ የቀረበው ረቂቅ በ2021 እንደገና ቢቀርብም ሳይጸድቅ ቀረ።

በውሃ ቧንቧ ፊት ጀሪካን ደርድሮ፣ በቀበሌ ሱቅ ለስኳር ተሰልፎ ያደገ የአዲስ አበባ ሰው ወረፋን አይወድም፤ እኔም አልወድም። ቢሆንም ወረፋ አንድ ደግ ነገር አለው፤ ቀድሞ የመጣው ይታያል፤ ሊሰርቅ የሞከረውም ይታያል፤ ከኋላ የሚጮህበት ሰው አለ። የኢንተርኔቱ ወረፋ የሚጮህበት የለውም። ይህን የተረዱት የጃፓን ሱቆች ይመስሉኛል። እጥረቱ በበረታበት ጊዜ አንዳንዶቹ ሣጥኑን ሲሸጡ የገዢውን ሙሉ ስም በላዩ ላይ በብዕር ይጽፉበት፣ ማሸጊያውንም እዚያው ይከፍቱት ነበር። ስም የተጻፈበትን ሣጥን አዲስ ነው ብሎ በእጥፍ መሸጥ ያስቸግራል። ለዚህ ደግሞ ብዕር የያዘ ሰውና የሚቆምበት ባንኮኒ ያስፈልጋል።

ወደ እኛ አገር ስንመጣ ወጣቶቹ የሚከራከሩበት ምርጫ ለብዙ ሰው የተሟላ ምርጫ አይደለም። በውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ ያለው ጥቂት ነው፤ ፖስታውም የሚደርሰው እስከ ፖስታ ሣጥን ቁጥር ነው። ስለዚህ «ኢንተርኔት ላይ ገዛሁ» ማለት ብዙ ጊዜ ዋሽንግተን ወይም ዱባይ ያለ ዘመድ ገዝቶ በሻንጣ አመጣልኝ ማለት ነው። በዚህ መንገድ የመጣ ዕቃ በዋጋ ይረክሳል፤ ኪሣራው ግን የተቀባዩ ነው። በሰፈራችን አንድ ልጅ አጎቱ ከአሜሪካ ያመጣለትን የጨዋታ መሣሪያ ሶኬት ላይ ሲሰካው ጭስ ወጣ። የአሜሪካ መብራት 120 ቮልት፣ የእኛ 220 መሆኑን ሻጩም አጎትየውም አላሰቡትም። የዛሬዎቹ መሣሪያዎች ብዙዎቹ ሁለቱንም ይችላሉ፤ የቀድሞዎቹ ግን አይችሉም ነበር፤ ቢችሉም ምስሉ በእኛ ቴሌቪዥን ጥቁርና ነጭ ሆኖ የሚወጣበት ጊዜ ነበር።

በ2024 ሐምሌ መጨረሻ የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በአጭር ጊዜ 100 ብርን አልፏል። አንድ የ499 ዶላር መሣሪያ በወረቀት ላይ ብቻ ከ28,000 ብር ወደ 50,000 ብር ዘለለ ማለት ነው፤ የነጋዴው ትርፍና ቀረጥ ሳይጨመር። ያን ያህል ብር ይዞ መርካቶ የሚወርድ ሰው ሣጥኑ ታሽጎ እንዲሰጠው አይፈልግም። ሻጩ መሣሪያውን ከቴሌቪዥን ያገናኘዋል፤ ኳስ ጨዋታ ይከፍታል፤ ገዢው ሁለት ጎል እስኪያገባ ወይም እስኪገባበት ይጫወታል፤ የሁለቱንም መያዣ ቁልፎች አንድ በአንድ ይጫናል። ከዚያ በኋላ ነው ብሩ የሚቆጠረው። ገዢው የፕሌይስቴሽን ቤት ባለቤት ከሆነ ደግሞ ማታውኑ ልጆች በዙር እየከፈሉ ይጫወቱበታል፤ ቀጣዩ ተራ የማን እንደሆነም እዚያው አግዳሚው ላይ የተቀመጡት ያውቃሉ።