ያልተበላው ዘር

በዚህ እትም የታሪክ ዓምድ ላይ ስለ አበባና ስለ ድንች ልጽፍላችሁ አስቤአለሁ። ይህ ዓምድ ብዙ ጊዜ የነገሥታትንና የሚስዮናውያንን ነገር ስለሚያነሣ «ድንች ደግሞ ምን ታሪክ አለው?» ትሉ ይሆናል። እስከ መጨረሻው ታገሡኝና ፍርዱን ለእናንተ እተዋለሁ።

ከአበባው እንጀምር። ሆላንድ ውስጥ ቱሊፕ የሚባለው አበባ የሚተከለው ሽንኩርት በሚመስለው ሥሩ ነው። የሚተከለውም ጥቅምትና ኅዳር ላይ፣ ቅጠል ረግፎ ብርዱ ሊገባ ሲል ነው። ለእኛ ሰው ይህ ሞኝነት ይመስላል። በረዶ ሊወርድ ሲል ማን ይተክላል? ነገር ግን ያ ሥር ከ12 እስከ 16 ሳምንት ያህል በአፈር ውስጥ ብርድ ካላገኘ በሚያዝያ እንደሚገባ አያብብም። ደግሞም ሥሩ ከመተከሉ በፊት መካከሉን ብትሰነጥቁት፣ የመጪው ዓመት አበባ በጥቃቅኑ ተሠርቶ ታገኙታላችሁ። አበባው አለ፤ ቀኑ ግን አልደረሰም።

የእኛ ደጋ ዙሩ ሌላ ነው። በባሕረ ሐሳብ አቈጣጠር ክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25፣ መፀው እስከ ታኅሣሥ 25፣ በጋ እስከ መጋቢት 25፣ ጸደይ እስከ ሰኔ 25 ድረስ ነው። አውሮፓዊው በመፀው ተክሎ በጸደይ አበባውን ያያል። የወገራና የስሜን ገበሬ ደግሞ በጸደይ ማብቂያ ድንቹን ተክሎ፣ ክረምቱን አሳልፎ፣ አደይ አበባ ሜዳውን ሲሸፍነው ማሣውን መቆፈር ይጀምራል። እዚያ ከመሬት በታች ያለውን ሕይወት የሚያስተኛው ብርድ ነው፤ በእኛ ደጋ የሚያስተኛው የበጋው ድርቀት ነው። ሁለቱም ዘንድ ግን ሕጉ አንድ ነው፤ ነገ የሚያብበው ዛሬ አፈር የለበሰው ነው።

በአገራችን ደጋም ከሣር ሥር ተጠግታ የምታብብ፣ በድርቁ ወራት በመሬት ውስጥ ባለው ሥሯ የምትተኛ ትንሽ አበባ አለች። ሳይንሳዊ ስሟ ኮልቺከም ሺምፔሪያነም ይባላል። ይህ ሁለተኛው ስም የአንድ ሰው ስም ነው። ታሪካችንም የሚጀምረው ከእርሱ ነው።

ጌኦርግ ቪልሄልም ሺምፐር በ1804 እ.ኤ.አ. በጀርመን አገር ተወለደ። ዕፀዋት እየሰበሰበና እያደረቀ ለአውሮፓ ሊቃውንት የሚልክ ሰው ነበር። በዚሁ ሥራ ተልኮ በ1837 እ.ኤ.አ. ወደ ዐድዋ ደረሰ፤ ከዚያም የስሜንን ተራሮች ወጣ። በጉባኤዎቻችን የዚያ ዘመን ጎንደር ሲነሣ፣ በ1830 እ.ኤ.አ. ወደ ከተማዋ የገባውን ሚስዮናዊ ሳሙኤል ጎባትን እናስታውሳለን። ሺምፐር ግን ሰባኪ አልነበረም፤ የተላከው ለቅጠልና ለአበባ ነበር። ሆኖም መጥቶ አልተመለሰም። ስሜንንና ትግራይን ይገዙ የነበሩት ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ወደዱትና የእንትጮን አውራጃ ሾሙት። ኢትዮጵያዊት አገባ፤ ልጆችም ወለደ።

በየካቲት 1855 እ.ኤ.አ. ደጃዝማች ካሣ ውቤን በስሜን ደረስጌ ላይ ድል አደረጉ። ውቤ ባሠሩት በደረስጌ ማርያም ቤተ ክርስቲያንም ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። የሺምፐር ሹመት ከጌታው ጋር ወደቀ። ሰውየው 50 ዓመት አልፎታል፤ ግዛቱን አጥቷል፤ አገሩም ሩቅ ነው። የግብርና ታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚሉት ድንችን ወደ ኢትዮጵያ ያስገባው ከዚህ በኋላ፣ በ1858 እ.ኤ.አ. ነው። ኋላም በመቅደላ ከተያዙት አውሮፓውያን አንዱ ሆነ፤ በ1868 እ.ኤ.አ. ተፈታ፤ በ1878 እ.ኤ.አ. በዐድዋ ሞተ።

እርሱ ሲሞት ድንቹ ምን ደርሶ ነበር? እምብዛም። የአገራችን ገበሬ አዲሱን ሰብል የተቀበለው ቀስ በቀስ ነበር። ገበሬውን አንፍረድበት። ገብስና ጤፍ ያሳደጉት ሰው ከመሬት በታች የሚያፈራውን እንግዳ ነገር ቢጠራጠር ምን ይደንቃል? አውሮፓም ድንችን ከደቡብ አሜሪካ ተራሮች ከተቀበለች በኋላ በገበታዋ ሙሉ በሙሉ እስክታምነው ድረስ ብዙ ትውልድ አልፏል። ስለዚህ ሺምፐር ሲሞት ሥራውን የመዘነ ሰው ቢኖር ኖሮ «ይህ ነገር አልሠመረም» ባለ ነበር።

ከዚያ ክፉው ቀን መጣ። በጥር 1888 እ.ኤ.አ. የመሐዲስቶች ጦር ጎንደር ገብቶ ከተማዋንና አብያተ ክርስቲያናቷን አቃጠለ። በዚያው ሰሞን ከባሕር በኩል የገባው የከብት ደስታ በሽታ በሬውን ሁሉ ፈጀ። ዝናብ ቀረ፤ አንበጣና ተምች የቀረውን በላ። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ያለውን ዘመን አባቶቻችን «ክፉ ቀን» ብለው የሰየሙት በከንቱ አይደለም። እህል የሚታረሰው በበሬ ነው፤ በሬ የለም። ድንች ግን አንድ ሰው በዶማ ቆፍሮ ሊተክለው ይችላል፤ በሦስትና በአራት ወርም ይደርሳል። ድንች በአገራችን በሰፊው መተከል የጀመረው በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ፣ ረሃቡን ተከትሎ እንደሆነ ይኸው ታሪክ ይነግረናል። ሺምፐር ካረፈ ከዐሥር ዓመት በኋላ ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አስተውሉ፤ ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያደረገኝም እርሱ ነው። ገብስ በጎታ ውስጥ ዓመታት ይቀመጣል። ድንች አይቀመጥም። ከተቆፈረ በኋላ ሁለት ሦስት ወር ያህል ይተኛል፤ ከዚያ ይጎነቁላል፤ በጊዜው ካልተተከለ ይጨማደድና ይበሰብሳል። እንግዲህ ከ1858 እስከ 1888 እ.ኤ.አ. ሠላሳ ዓመት አለ። የድንች ዘር ያን ሁሉ ዘመን ተሻግሮ ለክፉ ቀን የደረሰው፣ በየዓመቱ አንድ ሰው የሆነ ጓሮ ውስጥ ከምርቱ ጥቂቱን ሳይበላ አስቀርቶ፣ እንደገና አፈር ስላለበሰው ነው። አንድ ዓመት ሁሉም ቢበሉት ኖሮ ያ ዘር ያበቃ ነበር። እነዚህ ሰዎች ስማቸው የትም አልተጻፈም። ጎረቤት የሳቀባቸውም ይኖሩ ይሆናል። ሺምፐርን በአበባው ስም እናስታውሰዋለን፤ እነርሱን ግን የምናስታውሳቸው ዛሬ በደባርቅና በዳባት ገበያ በጆንያ በሚራገፈው ድንች ብቻ ነው።

ዘርን ሳይበሉ ማቆየት ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። ወደዚያ ወደ ሆላንድ ልመልሳችሁ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጨረሻ፣ በ1944 እና 1945 እ.ኤ.አ. መካከል በነበረው ክረምት፣ የጀርመን ጦር ወደ ምዕራብ ሆላንድ ከተሞች ምግብ እንዳይገባ ዘጋ። ወደ 20 ሺህ የሚጠጋ ሰው በረሃብ ሞተ። ሕዝቡ በመጨረሻ የቱሊፕን ሥር ቀቅሎ በላ። በመካከሉ ያለውን ቢጫ እንቡጥ ግን ያመናል ብለው እያወጡ ይጥሉት ነበር። ያ የሚጣለው የመጪው ሚያዝያ አበባ ነበር። ልጆቿ የሚራቡባትን እናት ማን ይወቅሳታል? እኔ አልወቅሳትም። ረሃብ ግን ምን እንደሚያደርግ ከዚህ ይልቅ የሚያሳይ ነገር አላየሁም፤ ረሃብ ዛሬን ብቻ ሳይሆን ነገንም ይበላል።

ሌላም ምስክር አለ፤ እርሱ ደግሞ ወደ ጎንደር ያቀርበናል። ኒኮላይ ቫቪሎቭ የተባለው ሩሲያዊ ሊቅ በ1927 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ ተዘዋውሮ የስንዴና የገብስ ዘር ሲሰበስብ በጎንደር በኩል አልፏል። ከዓለም ዙሪያ ያከማቸውን ዘር በሌኒንግራድ ከተማ አኖረው። በ1941 እ.ኤ.አ. ጠላት ከተማዋን ሲከብ፣ የተቋሙ ሠራተኞች የድንቹን ዝርያ ከተኩስ ሥር ከማሣ ቆፍረው አወጡ፤ ብርድ እንዳይገድለውም በምድር ቤት እሳት እያነደዱ ጠበቁት። ከመካከላቸው በሩዝና በእህል ከረጢት ተከበው በረሃብ የሞቱ አሉ። ቫቪሎቭ ራሱ በስታሊን ዘመን ታስሮ በ1943 እ.ኤ.አ. በእስር ቤት ሞተ፤ የሞቱም ምክንያት ረሃብ ነበር። ዘሩ ግን ተረፈ።

አሁን ከሩቅ አገር ወደ ቤታችን እንመለስ። ልጅ ሳለሁ ክረምት ሊገባ ሲል አያቴ ቤት ዳባት አጠገብ እሄድ ነበር። ግንቦት ላይ ጎታው ይጎድላል፤ ሆድም ይጠብቃል። አያቴ ከምድጃው ራቅ ያለ ቆጥ ላይ የዕንቁላል መጠን ያላቸው ድንቾች ደርድራ ታስቀምጥ ነበር። አንድ ቀን እርሷ ውኃ ስትወርድ አራቱን ወስጄ በፍም ውስጥ ጠብሼ በላሁ። ስትመለስ ሽታው ነገራት። አልመታችኝም። ቆጡ ላይ የቀሩትን ቆጠረችና «ልጄ፣ ይሄኮ የእኔ አይደለም፤ የሰኔ ነው» አለችኝ። ያን ዓመት መደቡ ጫፍ ላይ አራት ጉድጓድ ባዶ ቀረ። ሌላ ነገር ልትዘራበት ትችል ነበር፤ አልዘራችበትም። በነሐሴ ሌላው ነጭና ሐምራዊ አበባ ሲያወጣ ያ ባዶ ቦታ ከሩቅ ይታይ ነበር።

ዛሬ የግብርና ባለሙያዎች ለዘር ድንች የሚያሠሩት ማከማቻ አያቴን ያስደስታት ነበር። ከእንጨትና ከቀርከሃ የተሠራ፣ መደርደሪያ ያለው፣ ብርሃን በስሱና ነፋስ በደንብ የሚያስገባ ቤት ነው። በጨለማ የቆየ ድንች ረጅም፣ ነጭና ተሰባሪ ጉንቁል ያወጣል። ስስ ብርሃን ያገኘው ግን አጭርና ጠንካራ ጉንቁል ያወጣል፤ ቆዳውም አረንጓዴ ይሆናል። አረንጓዴ የሆነ ድንች ይመርዛል፤ ስለዚህ ለመብል አይሆንም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያ ድንች አንድ ሥራ ብቻ ቀርቶታል፤ መተከል። ሰኔ ሲደርስ በመስመር መካከል 75፣ በዘር መካከል 30 ሴንቲ ሜትር ተለክቶ ይተከላል፤ ሲያድግም አፈር ያስታቅፉታል።

ጌታችን ስለ ስንዴ ቅንጣት ያስተማረውን ሁላችሁ ታውቁታላችሁ፤ እዚህ አልደግመውም። እኔ የምጠይቃችሁ ከዚያ በታች ያለውን ተራ ነገር ነው። በ2015 ዓ.ም. ዝናብ ቀርቶ በጃን አሞራና በበየዳ ድርቅ ሲጠና፣ እህል ማሰባሰብ የክርስቲያን ግዴታ ነበር፤ ነገም ይሆናል። ግን ድርቅ ባለፈ ማግስት ዝናቡ ዘንቦ፣ መሬቱ ርሶ፣ ቤት ውስጥ የሚተከል የሌለው ሰው አለ። ዘሩን ልጆቹ በልተውታል። በልተውም አልበደሉም። ለዚህ ሰው መስከረም ላይ ከምትሰጡት አንድ ኩንታል ዱቄት ይልቅ፣ ግንቦት ላይ የምታደርሱለት ግማሽ ኩንታል የዘር ድንች ይበልጥበት ይሆናል። ስለዚህ የወጣት ኅብረታችሁ ለተቸገሩ ሲያዋጣ «ምን ይበላሉ?» ብላችሁ ከጠየቃችሁ በኋላ «ምን ይተክላሉ?» ብላችሁም ጠይቁ፤ ቀኑንም ቁጠሩ። ዘር ከወቅቱ በኋላ ከደረሰ ምግብ ብቻ ይሆናል።

በሕይወታችሁም እንዲሁ ነው። በእጃችሁ ካለው ጊዜ፣ ገንዘብና ጉልበት መካከል የዛሬ የሆነ አለ፤ እርሱን በምስጋና ብሉት። የሰኔ የሆነም አለ። ጀምራችሁ ፍሬውን ያላያችሁት ትምህርት፣ ማንም የማያመሰግናችሁ የሕፃናት ክፍል አገልግሎት፣ ከመንደር ሽማግሌ ጋር የጀመራችሁት የዕርቅ ንግግር ይኖራል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በየጓሯቸው ድንች የተከሉት ሰዎች ክፉ ቀን እንደሚመጣ አያውቁም ነበር። ያወቁት በዚያ ዓመት ዘሩን መብላት እንደሌለባቸው ብቻ ነው፤ ያም በቂ ሆነ።

አያቴ ካረፈች ቆይታለች። ጓሮዋን የሚያርሰው አጎቴ ነው። ባለፈው ሰኔ ሄጄ አብሬው ተከልሁ፤ ከመደቡ ጫፍ፣ ልጅ ሳለሁ ባዶ ባስቀረሁት ቦታ፣ አራት ድንች በእጄ ቀበርሁ።