የባልንጀራ ምስክርነት፦ በስብዕናና በውጤታማነት ጥናት የተዘነጋ ምንጭ

ስብዕና በሥራና በትምህርት ውጤት ላይ ያለው ድርሻ አነስተኛ ነው የሚለው አመለካከት በሠራተኛ ምርጫ ጥናት ውስጥ ሥር የሰደደው በ1965 ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በዚያ ዓመት ሮበርት ጋየንና ባልደረባው ጎቲየር «ፐርሶኔል ሳይኮሎጂ» በተባለው መጽሔት ላይ የስብዕና መለኪያዎችን በአብዛኛው የቅጥር ሁኔታ ለውሳኔ መሠረት ማድረግ እንደሚያስቸግር ጻፉ። ከሦስት ዓመት በኋላ ዋልተር ሚሼል እነዚህ መለኪያዎች ከሰው ተግባር ጋር ያላቸው ተዛምዶ ከ0.30 እምብዛም አያልፍም ብሎ ሐሳቡን አጠናከረው። ብዙ ተመራማሪዎችም ለሃያ ዓመታት ያህል ከመስኩ ፊታቸውን አዞሩ። የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ ግልጽ ነው፤ ስህተቱ የስሌት ሳይሆን የምስክር አመራረጥ ነበር። ሰውየውን ስለ ራሱ ጠየቁት፤ አብረውት የሚውሉትን ግን አልጠየቁም።

ስለ ኋለኞቹ ጥናቶች በአጭሩ ልለፍ። ሙሬይ ባሪክና ማይክል ማውንት በ1991 በ117 ጥናቶች የተሳተፉ 23,994 ሰዎችን መረጃ በአንድ ላይ መርምረው፣ ከአምስቱ ዋና ዋና የስብዕና ዘርፎች መካከል ትጋት በሁሉም የሙያ ዓይነት ከሥራ አፈጻጸም ጋር እንደሚዛመድ አሳዩ። ትጋት እዚህ ላይ ሥራን በሥርዓት መያዝን፣ ቃል ማክበርንና የጀመሩትን ዳር ማድረስን ያጠቃልላል። የተዛምዶው መጠን ከእርማት በኋላ 0.22 ገደማ ነው። በትምህርት በኩል አርተር ፖሮፓት በ2009 ከ70,000 በላይ ተማሪዎችን በሚሸፍን ትንተና ተመሳሳይ መጠን አገኘ፤ ይህም ዝምድና በአመዛኙ ከአእምሮ ችሎታ ነጻ መሆኑን ጨምሮ አረጋገጠ። ከእነዚህ ሰዎች ጋር በስሌታቸው ጠብ የለኝም።

ጠቤ ከመነሻው ጋር ነው። ጋየንና ጎቲየር የመረመሩት ከ1952 እስከ 1963 በሁለት መጽሔቶች፣ «ጆርናል ኦፍ አፕላይድ ሳይኮሎጂ» እና «ፐርሶኔል ሳይኮሎጂ» ላይ የታተሙትን ሥራዎች ነው። የእነዚህ ሥራዎች ዋነኛ መሣሪያ ደግሞ ተፈታኙ ስለ ራሱ የሚሞላው መጠይቅ ነበር። አጥሩ እንዲህ ከተበጀ በኋላ ከአጥሩ ውጭ የቀረው ሁሉ እንዳልነበረ ተቆጠረ። ውጭ የቀረው ግን ጥቂት አልነበረም፤ በእኔ እምነት የመስኩ ምርጥ ማስረጃ የነበረው እዚያው ነው።

የመጀመሪያው ኤድዋርድ ዌብ በ1915 ያሳተመው ጥናት ነው። የቻርልስ ስፒርማን ደቀ መዝሙር የነበረው ዌብ በእንግሊዝ አገር የመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጅ 194 ሠልጣኞችን አጠና። አሠራሩን ቀረብ ብሎ ማየት ይገባል። ለሠልጣኞቹ «ታታሪ ነህ ወይ?» የሚል ወረቀት አላደለም። ከመካከላቸው የተማሪ አለቃ የሆኑትን መረጠና አብረዋቸው የሚኖሩትን ጓደኞቻቸውን ለወራት እንዲከታተሉ አደረገ። ከዚያም እያንዳንዱን ሠልጣኝ ከአርባ በሚበልጡ ባሕርያት አንድ በአንድ እንዲመዝኑ ጠየቃቸው። እያንዳንዱ ሠልጣኝ ሁለት ዳኞች ስለነበሩት፣ ዌብ ፍርዳቸው ምን ያህል እንደሚገጥም መለካት ቻለ። ከዚህ ሁሉ የወጣው ውጤት ስፒርማን ከሚያስተምረው አጠቃላይ የአእምሮ ችሎታ ጎን የቆመ፣ ከእርሱ የተለየ ሁለተኛ አጠቃላይ ኃይል ነበር፤ ዌብ የዓላማ ጽናት አድርጎ ተረጎመው። ዛሬ ትጋት የምንለው ባሕርይ ገና ያን ጊዜ እዚህ ተቀምጧል፤ የተገኘውም በባልንጀራ ዓይን ነው።

ሁለተኛው ምንጭ በቴክሳስ የላክላንድ የአየር ኃይል ጦር ሰፈር ነው። ኧርነስት ቱፕስ በ1957 ባወጣው ሪፖርት እጩ መኮንኖች አንዳቸው ስለ ሌላው የሰጡትን ምዘና፣ ተመርቀው ሥራ ከጀመሩ በኋላ ከታየው የመኮንንነት አፈጻጸማቸው ጋር አዛምዶ መረመረ። ጥያቄው ጋየንና ጎቲየር ያነሱት ጥያቄ ራሱ ነው፤ ዓመቱም እነርሱ ባጠሩት ዘመን ውስጥ ይወድቃል። ነገር ግን ሪፖርቱ የወታደር ቤት ሰነድ እንጂ የመጽሔት ጽሑፍ ስላልነበረ አልተቆጠረም። በ1961 ቱፕስና ሬይመንድ ክሪስታል ስምንት ናሙናዎችን አነጻጽረው፣ ሰዎች ስለ ሌሎች የሚሰጡት ምዘና በተደጋጋሚ በአምስት ዘርፎች እንደሚጠቃለል አሳዩ፤ ከአምስቱ አንዱ ተአማኒነት፣ ማለትም የዛሬው ትጋት ነበር። ይህ ሪፖርት በመደበኛ መጽሔት ታትሞ የወጣው በ1992 ነው። አምስቱ ዘርፎች ከሌሎች ሰዎች ምስክርነት ተወልደው ሳለ፣ የኋለኛው ትውልድ ግን ወደ ራስ መጠይቅ ለውጧቸው የመጠይቁን ድክመት የስብዕና ድክመት አድርጎ አነበበው።

ባሪክና ማውንት መስኩን ከሞት እንዳስነሡት ይነገራል፤ ምስጋናው ይገባቸዋል። ሆኖም በ1991 የሰበሰቧቸው ጥናቶች በአመዛኙ የራስ መጠይቅ ነበሩ፤ ስለዚህ ያዳኑት መስኩን ከነሕመሙ ነው። ይህን ከማንም በላይ የሚመሰክረው ሁለቱ ከስትራውስ ጋር በ1994 ያወጡት ጥናት ነው። 105 የሽያጭ ሠራተኞች በአለቆቻቸው፣ በሥራ ባልደረቦቻቸውና በደንበኞቻቸው ሲመዘኑ፣ የእነዚህ ታዛቢዎች ምዘና ሠራተኞቹ ስለ ራሳቸው ከተናገሩት በላይ የሥራ ውጤታቸውን አስረዳ። በትምህርትም ጂን ስሚዝ በ1967 የኮሌጅ ተማሪዎች ስለ ጓደኞቻቸው በሰጡት ምዘና የባሕርይ ጽናትና የትምህርት ውጤት 0.43 ገደማ እንደሚዛመዱ አገኘ። ፖሮፓት ራሱ በ2014 በሌሎች ሰዎች ምዘና ላይ የተመሠረቱ ጥናቶችን ሲያጠቃልል የትጋት ተዛምዶ ወደ 0.38 ከፍ አለ። በ0.22 እና በ0.38 መካከል ያለው ልዩነት ትንሽ ሊመስል ይችላል፤ የመጀመሪያው የውጤት ልዩነትን 5 በመቶ ያህል ሲያስረዳ ሁለተኛው ግን 14 በመቶ ያህል ያስረዳል። ስብዕናው ያው፣ ትምህርቱም ያው ነው፤ የተለወጠው መስካሪው ብቻ ነው።

ጉዳዩ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ከሌላው የበለጠ ይከብዳል። ራሺድ ላጃጅና ባልደረቦቹ በ2019 በ23 ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ከ94,000 በላይ ሰዎች የሰጡትን መልስ መርምረው፣ የተለመዱት የስብዕና ጥያቄዎች ይለካሉ የተባሉትን ዘርፎች በአግባቡ እንደማይለኩ አሳይተዋል። ከምክንያቶቹ አንዱ መጠይቁን እፊቱ ይዞ ለሚጠይቀው ሰው «አዎ» የማለት ዝንባሌ ነው። «ሥራዬን በጥንቃቄ እሠራለሁ» ሲባል «አዎ» ያለ ሰው፣ ጥቂት ቆይቶ «ብዙ ጊዜ እሰንፋለሁ» ሲባልም «አዎ» ይላል። እንግዳን ማስቀየም ነውር በሆነበት አገር ይህ አያስገርምም። ይህን እያወቁ የውጭ መጠይቅ ወደ አማርኛ አስተርጉሞ ለሥራ አመልካች ማደል፣ ውጤቱንም የሰው ባሕርይ ብሎ መመዝገብ፣ ሰውን መበደል ነው።

ሁለት ተቃውሞዎች ይነሣሉ። አንደኛው መዛኙ የተመዛኙን ውጤት ስለሚያውቅ፣ ጎበዙን ተማሪ ታታሪ ብሎ መፍረዱ አይቀርም የሚል ነው። ይህ መምህሩ ራሱ ባሕርይንም ውጤትንም በሚሰጥበት ጥናት ላይ ይሠራል። ቱፕስ ግን የባልንጀሮችን ፍርድ ያመዛዘነው ገና ወደፊት ከሚታይ አፈጻጸም ጋር ነው፤ ያልታየ ውጤት ደግሞ ዳኛን አያሳስትም።

ሁለተኛው የአገራችን ሰው ወዲያው የሚያነሣው ነው፤ የባልንጀራ ምዘና ማለት ግምገማ አይደለም ወይ? ከትጥቅ ትግሉ ዘመን ወደ መንግሥት መሥሪያ ቤት የገባውን ግምገማ፣ ኋላም አንድ ለአምስት የተባለውን አደረጃጀት ያየ ሰው መጠርጠሩ አይፈረድበትም። ልዩነቱ ግን የመሠረት ነው። ግምገማ በስብሰባ ፊት ለፊት የሚካሄድ፣ ሥልጣንና እንጀራ የተንጠለጠሉበት፣ የተናጋሪው ስም የታወቀበት መድረክ ነው፤ በእንዲህ ያለ ቦታ ሰው የሚናገረው ያየውን ሳይሆን የሚያዋጣውን ነው። ለጥናት የሚሆን ምዘና ግን ለየብቻ በምስጢር ይሞላል፣ ከብዙ ሰው ተሰብስቦ በአማካይ ይነበባል፣ የማንንም ደረጃ አያወጣም አያወርድም። ግምገማ ያበላሸው የምስክሩን ዓይን ሳይሆን አንደበቱን ነው።

እርግጥ የምስክሩን መለወጥ የሁሉም ነገር መፍትሔ አድርጎ ማቅረብ አይገባም። ዝምድናና ቅሬታ በማንኛውም ምዘና ውስጥ ይገባሉ፤ ባሕርይም ብቻውን ውጤትን አይወስንም። በ2022 ፖል ሳኬትና ባልደረቦቹ የሠራተኛ መምረጫ ዘዴዎችን እንደገና ሲያሰሉ፣ ስንጠብቅባቸው ከነበረው ያነሰ ኃይል ያላቸው ብዙ ሆነው ተገኝተዋል። ጥንቃቄው ተገቢ ነው፤ አቅጣጫውን ግን አይለውጥም።

የሚቀጥለው ሥራ ግልጽ ነው። አንድ ዩኒቨርሲቲ አዲስ ገቢ ተማሪዎች በመጀመሪያው ወሰነ ትምህርት ማብቂያ አንድ ክፍል የሚያድሩ ጓደኞቻቸውን በምስጢር እንዲመዝኑ ቢያደርግ፣ ምዘናውንም ከመዝገብ ቤት አርቆ በተመራማሪ እጅ ቢያቆይ፣ በምረቃቸው ዓመት ከውጤታቸው ጋር ማመሳከር ይችላል። ይህ ብዙ ገንዘብ የማይጠይቅ፣ ዌብ ከመቶ ዓመት በፊት በአንድ ኮሌጅ ውስጥ የጀመረው ዓይነት ሥራ ነው። እንዲህ ያለው ጥናት ሳይሠራ ስብዕና ለውጤት ያለው ድርሻ ትንሽ ነው ብሎ መፍረድ፣ ዋናውን ምስክር ሳይሰሙ መዝገብ መዝጋት ነው።