የሳልዩት 6 እንግዶችና የከፋ ጫካ

የቼኮዝሎቫኪያው ቭላዲሚር ሬሜክ ከባይኮኑር ወደ ጠፈር የመጠቀው የካቲት 23 ቀን 1970 ዓ.ም. ነበር። ዕለቱ የዓድዋ በዓል ነው። ከሦስት ቀን በኋላ ደግሞ የካራማራ ድል ተበሰረ። በዚያ ሳምንት ከሶቪየትና ከአሜሪካ ዜጎች ውጪ የመጀመሪያው ሰው ጠፈር መድረሱን ልብ ያለ ኢትዮጵያዊ ብዙ የነበረ አይመስለኝም። እኔ ያኔ ቦንጋ የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ነበርኩ። ከተማችን የአውራጃ መቀመጫ ስትሆን፣ የከፋ ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ ጅማ ነበረች።

ሬሜክ ያረፈባት ሳልዩት 6 ግን በእኛም ሰማይ ታልፍ ነበር። ምሕዋሯ ከምድር ወገብ በ51.6 ዲግሪ ያዘነበለ ስለነበረ፣ በሰሜን 7 ዲግሪ ላይ የምትገኘው ቦንጋ ከመንገዷ አትወጣም።

መስከረም 19 ቀን 1970 ዓ.ም. የመጠቀችው ይህች ጣቢያ ከቀደምቶቿ የምትለየው ሁለት መግቢያ በር ስላላት ነው። በአንዱ የነዋሪዎቹ ሶዩዝ መንኮራኩር ይቆማል፤ በሌላው ጭነት አመላላሿ ፕሮግረስ ወይም እንግዳ የጫነ ሌላ ሶዩዝ ይገባል። እንግዳ መቀበሉ የፖለቲካ ትርኢት ብቻ ነበር የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም። አንድ ሶዩዝ ጠፈር ላይ በአስተማማኝነት የሚቆየው ሦስት ወር ገደማ ሲሆን፣ ነዋሪዎቹ ከዚያ በላይ ይሰነብቱ ጀመር። ስለዚህ አንዳንዶቹ እንግዶች አዲስ መንኮራኩር አምጥተው በአሮጌው ይመለሱ ነበር። የምሥራቅ ጀርመኑ ዚግሙንድ ዬን በነሐሴ 1970 ዓ.ም. በሶዩዝ 31 ሄዶ በሶዩዝ 29 ተመለሰ። የመቀመጫው ንጣፍ በየሰውየው ገላ ልክ የተሠራ በመሆኑ፣ መንኮራኩር ሲለወጥ እሱም አብሮ ይዛወራል።

በኢንተርኮስሞስ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. ከ1978 እስከ 1981 ዘጠኝ የውጭ ዜጎች ወደ ሳልዩት 6 ተላኩ። ስምንቱ ገቡ። ቡልጋሪያዊው ጊዮርጊ ኢቫኖቭ ግን በሚያዝያ 1971 ዓ.ም. ጣቢያዋ አጠገብ ደርሶ የሶዩዝ 33 ዋና ሞተር ስለተበላሸ፣ በመጠባበቂያው ሞተር በጭንቅ ምድር ወረደ። ፖላንድ፣ ሃንጋሪ፣ ቬትናም፣ ኩባ፣ ሞንጎሊያና ሩማንያም ተራቸውን አግኝተዋል። ቬትናማዊው ፋም ቱዋን አዞላ የተባለውን የውሃ ተክል ይዞ ሲሄድ፣ ኩባዊው አርናልዶ ታማዮ ሜንዴዝ መስከረም 8 ቀን 1973 ዓ.ም. መጥቆ ሙከራ ካደረገባቸው ነገሮች አንዱ ስኳር ነበር። ታማዮ ከአፍሪካ የዘር ሐረግ ካላቸው ሰዎች ጠፈርን የረገጠ የመጀመሪያው ነው። የእኛ ሰው ቢሄድ ኖሮ የከፋን ቡና ችግኝ ይዞ በሄደ ነበር፤ ይህ እንግዲህ የእኔ ምኞት ነው። ኢትዮጵያ በኅዳር 1971 ዓ.ም. ከሶቪየት ኅብረት ጋር የወዳጅነት ውል ብትፈርምም የኢንተርኮስሞስ አባል አልነበረችም፤ ወንበርም አልደረሳትም።

የሕግ ነገር እዚህ ላይ ይመጣል። እ.ኤ.አ. የ1967ቱ የጠፈር ስምምነት በአንቀጽ 5 ጠፈርተኛውን የሰው ልጆች መልእክተኛ ይለዋል። በአንቀጽ 8 ግን በመንኮራኩሩም ሆነ በውስጡ ባሉት ሰዎች ላይ ሥልጣኑን የመዘገበው አገር እንደያዘ ይቆያል ይላል። በዘጠኙም ጉዞዎች አዛዡ የሶቪየት ሰው ነበር።

ከእንግዶቹ በተሻለ የተጠቀመችው ምሥራቅ ጀርመን ናት ባይ ነኝ፤ ከሰው በላይ መሣሪያ ነበራትና። የየና ከተማው የካርል ዛይስ ፋብሪካ የሠራው ኤምኬኤፍ-6ኤም ካሜራ ከሳልዩት 6 ላይ መሬትን በስድስት የብርሃን ክፍል ያነሳ ነበር። ደን ከእርሻ፣ ጤነኛ ዛፍ ከታመመው የሚለየው እንዲህ ባለ ምስል ነው።

ይህ ለከፋ ሰው ሩቅ ወሬ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2010 ዩኔስኮ የመዘገበው የከፋ ባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ 760 ሺህ ሄክታር ገደማ ነው፤ በእግር ተዞሮ የሚቆጠር ጫካ አይደለም። ኢትዮጵያ ለእንዲህ ያለው ሥራ የምትሆን የመጀመሪያ ሳተላይቷን፣ 72 ኪሎ የምትመዝነውን ኢቲአርኤስኤስ-1ን፣ ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ያመጠቀችው ከቻይና፣ በቻይና ሮኬት ነው። ከወጪው አብዛኛውን የሸፈነችውም ቻይና ናት። በሮኬቱ በኩል እንግዳ ነበርን። ሳተላይቷን የሚቆጣጠረው ጣቢያ ግን እንጦጦ ላይ ነበር። እንዲህ ባለው መንገድ የሚገኝ የከፋ ጫካ ምስል ቦንጋ ለተቀመጠው የደን ባለሙያ በደብዳቤ ልመና ሳይሆን በሕግ በተጻፈ መብት ሊደርሰው ይገባል።