የወደቀ ፈተና ምን ይናገራል?

የድረ ገጽ ሰርቨር ሞጁል ከምንጭ ኮዱ ገንብቶ ፈተናውን ያስጀመረ ሰው «ወድቋል» የሚል መልስ ሲመጣበት ቀድሞ የሚጠረጥረው ሞጁሉን ነው። የአፓቼ ሰርቨር ሞጁል የሆነው የሞድ ፐርል ታሪክ ግን ጥርጣሬውን ወደ ሌላ ቦታ ይመልሰዋል። ብዙውን ጊዜ ፈተናውን የሚጥለው ኮዱ የተጻፈበት ጊዜና አሁን የሚገነባበት ማሽን አለመግባባታቸው ነው፤ ሞጁሉ ባለበት ቆሞ ዙሪያው ተለውጧል።

ሞድ ፐርል የተጀመረው በ1996 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ አፓቼ ሰርቨር ራሱ የወጣው ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ነበር። ሥራው የፐርልን ቋንቋ በሰርቨሩ ውስጥ ማስገባት ስለሆነ፣ ከሁለቱ አንዱ በተለወጠ ቁጥር እሱም ይነካል። በየካቲት 2012 አፓቼ 2.4 ሲወጣ የጎብኚውን የአይፒ አድራሻ የሚይዘው የውስጥ ስም ተቀየረ፤ በአሮጌው ስም የሚጠሩ ሞጁሎችም አንገነባም አሉ። 2.4ን በይፋ የደገፈው የሞድ ፐርል እትም፣ 2.0.9፣ እስኪወጣ ሰኔ 2015 ደረሰ። በመካከሉ ፐርል 5.18 (2013) የሐሽ ቁልፎችን ቅደም ተከተል በየሩጫው እንዲለዋወጥ አደረገ፤ በቅደም ተከተሉ ተማምነው የተጻፉ ፈተናዎችም አንዴ እያለፉ አንዴ መውደቅ ጀመሩ። ፐርል 5.26 (2017) ደግሞ ለደኅንነት ሲባል ፕሮግራሙ የሚሮጥበትን ማውጫ ከሞጁል ፍለጋ ዝርዝሩ አስወጣ። ያን ጊዜ የወደቁት ብዙ ሞጁሎች አንድ መስመር እንኳ አልተነካባቸውም።

እንግዲያው ጥፋቱ የሞጁሉ ካልሆነ፣ ፈተናው ቢወድቅም አስገድዶ መጫን ምን ይጎዳል? የሚል ይኖራል። ይጎዳል፤ ፕሮግራሙ ነገ የሚሠራው ፈተናው በወደቀበት በዚያው ማሽን ላይ ነውና። ጉዳቱን በራሳችን ፊደል ማየት ይቻላል። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 ነው፤ ከዚያ በፊት ፎንት ሠሪዎች የየራሳቸውን የፊደል አቀማመጥ ይጠቀሙ ነበር። እንደ ዳንኤል ያቆብ ያሉ ሰዎች ለግዕዝ ፊደል የፐርል ሞጁሎች ጽፈው ለሁሉም ክፍት ያደረጉት ይህን ችግር ለማቃለል ነበር። ዛሬ «ደምበጫ» 4 ፊደል ቢሆንም በዩቲኤፍ-8 ሲቀመጥ 12 ባይት ይይዛል። ባይትን እንደ ፊደል የሚቆጥር ሞጁል ርዝመቱን 12 ነው ይላል፤ ከ10ኛው ባይት ላይ ሲቆርጠው ደግሞ «ደምበ» ብቻ ጤነኛ ሆኖ ይቀርና በ«ጫ» ቦታ የጥያቄ ምልክት ይወጣል። ቡሬን በላቲን ፊደል ብንጽፈው 4 ፊደሉ 4 ባይት ስለሆነ ስሕተቱ አይታይም። በእንግሊዝኛ ቃላት ብቻ የተዘጋጀ ፈተና ይህን ሞጁል ያሳልፈዋል፤ የሚይዘው በአማርኛ የተጻፈው ፈተና ነው። እሱን መዝለል የአማርኛ ተጠቃሚውን መዝለል ነው። ፍኖተ ሰላም ላይ ኡቡንቱን ከነተዘጋጁ ፓኬጆቹ የሚጭን ሰው ምንም አይገነባም፣ እውነት ነው፤ ግን ለእሱ ሲል ሌላ ሰው ገንብቷል፣ ፈትኗልም።

ከዚህ የሚጠነክር መቃወሚያ አለ፤ ፈተናውም ራሱ ሊሳሳት ይችላል። የሞድ ፐርል ፈተና እውነተኛ አፓቼ አስነሥቶ፣ አብዛኛውን ጊዜ በፖርት 8529፣ ጥያቄ እየላከ መልሱን ያመሳክራል። በሩት፣ ማለትም በማሽኑ ሙሉ ሥልጣን ባለው ተጠቃሚ፣ ከተጀመረ ሰርቨሩን «ኖባዲ» ለሚባል ሥልጣን አልባ ተጠቃሚ ያስረክባል። ኮዱ የተፈታው በሩት የግል ማውጫ ውስጥ ከሆነ ኖባዲ ፋይሎቹን ማንበብ አይችልም፤ ፈተናውም ይወድቃል ወይም ጭራሽ ይዘለላል። እዚህ ላይ ሞጁሉ ንጹሕ ነው። ይሁንና ንጹሕ መሆኑ የሚታወቀው የሰርቨሩን የስሕተት ሎግ ከፍተው ሲያነቡት ነው፤ «ፈቃድ ተከልክሏል» የሚለው መስመር እዚያ ተጽፎ ይገኛል። ኮዱን ወደ ተራ ተጠቃሚ ማውጫ አዛውሮ፣ ፖርቱን ሌላ ፕሮግራም እንዳልያዘው አይቶ፣ የአፓቼና የፐርል እትሞች ሞጁሉ ከሚጠብቃቸው ጋር መግጠማቸውን አረጋግጦ እንደገና መፈተን ነው። ያኔም ከወደቀ ኮዱን መጠርጠር ተገቢ ይሆናል።